ጅማ ላይ ከየቱ ይጀመር፦ ከእግረኛ ቅጣት ወይስ ከብሬከር (ከፍጥነት መቀነሻ ጉብታ)?

አወያይ፦ መርካቶና አጂፕ አካባቢ እግረኛው ባሻው ቦታ ይሻገራል፣ ባጃጁም ዜብራ አይቶ አይቆምም ነው ወቀሳው። የትራፊክ ደንቡ ለአሽከርካሪውም ለእግረኛውም ቅጣት አለው። ከማን እንጀምር? ስድቡን ትታችሁ ቁጥር አምጡ።

ደንብ ይከበር፦ ከእግረኛው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ይበላል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ብትሰጡት 14 ሜትር ሄዷል፤ ፍሬን ከያዘ በኋላም በደረቅ አስፋልት ሌላ 14 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ 28 ነው። ክረምት ላይ ወደ 40 ይጠጋል። ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ብቅ ያለ ሰው 10 ሜትር ላይ ነው የሚታየው። የትኛው ፍሬን ነው የሚያተርፈው?

ከርቭስቶን፦ ኦቦ ደንብ፣ ሒሳብህ ልክ ነው፤ የመሰከረው ግን ለእኔ ነው። ያንኑ በ30 አስላው፦ 8 ሜትር አይቶ እስኪወስን፣ 5 ሜትር ለፍሬን፣ በቃ 13። ያንተው 10 ሜትር ላይ 50 የሚነዳው ፍሬን ሳይነካ ይገጫል። 30 የሚነዳውም ላይተርፍለት ይችላል፣ ግን ፍሬን ይዞ ነው የሚደርሰው፤ የምቱ ጉልበትም ሩብ ገደማ ነው። ይህን የሚያመጣው በብሬከር ፍጥነት መቀነስ እንጂ የእግረኛ ደረሰኝ አይደለም።

ሌላም አለ። 7 ሜትር አስፋልት ለጤነኛ አዋቂ 6 ሰከንድ ነው። በ50 የሚመጣ መኪና በዚያ ጊዜ 83 ሜትር ይጓዛል። እህል የተሸከመች እናት 9 ሰከንድ ከፈጀባት 125 ሜትር ባዶ መንገድ ያስፈልጋታል። ሐሙስ በገበያ ቀን 125 ሜትር ባዶ አስፋልት ከየት ይምጣ? መሐል ላይ 2 ሜትር ስፋት ያለው ማረፊያ ደሴት ቢሠራላት ግን በአንድ ጊዜ አንዱን አቅጣጫ ብቻ አይታ ግማሹን ትሻገራለች።

ሦስት ጎማ፦ ብሬከር ብሬከር ትላላችሁ፣ የቱን ብሬከር? ሠፈር ውስጥ በሲሚንቶ የሚከመረውን ከሆነ ይቅርብን። ወርዱ ግማሽ ሜትር፣ ከፍታው አንድ ስንዝር የሆነ ጉብታ ባጃጅ ላይ የተሳፋሪውን ጭንቅላት ከጣሪያ ያጋጫል። ስለዚህ ሁሉም ጫፍ ጫፉን ይሸሻል። ብሬከሩ ከሚያልቅበት አጠገብ ያለውን አፈር እዩት፤ የጎማ ፈለግ ቦርቡሮታል። ያ ቦታ ማን የሚሄድበት ነበር? እግረኛው።

ከርቭስቶን፦ ይኼ እውነት ነው። ልኩ ሌላ ነው፦ ከመውጫው እስከ መውረጃው 3.7 ሜትር ርዝመት፣ መሐሉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ቅርጹ ድፍን ቅስት። በ30 ገደማ ለሚያልፍ ብዙም አይናጥም፣ በ50 ለሚመጣ ግን ይናገራል። ከሁሉ የሚሻለው ራሱን ዜብራውን ከፍ ማድረግ ነው፤ ላዩ ለጥ ብሎ፣ በሁለቱም ወገን ዘንበል ያለ መወጣጫ ይኖረዋል። ለጎርፍ ማለፊያ ከዲቹ ጋር 20 ወይም 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተው፤ ያለዚያ የጅማ ዝናብ ዜብራውን ኩሬ ያደርገዋል። ባጃጅ ስፋቱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው፣ በዚያ አይሾልክም፤ ሞተር ሳይክል እንዳይሾልክ ጠርዙ ላይ አጭር ምሰሶ ትከል።

የተማሪ እናት፦ እናንተ ስለ መሻገር ትከራከራላችሁ፤ ዳሩ ላይስ? የዲቹ ክዳን ተነሥቷል፣ የቀረው ላይ ጉልት ተዘርግቷል፣ ሰው አስፋልት ላይ ይወርዳል። ቢያንስ 1.8 ሜትር ነፃ መተላለፊያ ካልተተወ ማንን ትቀጣላችሁ? እስከዚያው ግራ ግራውን ሂዱ። መኪና ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ቀኝ ይዞ ስለሚነዳ፣ ግራ የያዘ ሰው የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያያል። ልጅ በአስፋልት በኩል አይሁን፤ የሚያዘውም በጣቱ ሳይሆን በእጁ አንጓ ነው፣ ጣት በዝናብ ያዳልጣል። ጃንጥላም ነፋሱ በመጣበት በኩል ዘንበል ሲል መኪናውን ድርግም አድርጎ ይጋርዳል። ከመሻገር በፊት ቀና ይደረግ፣ ትንሽ ብንረጥብ ምን አለ።

ደንብ ይከበር፦ ስለ ዳሩ እጄን ሰጠሁ፤ መሄጃ የሌለውን አልቀጣም። ግን ከፍ ያለ ዜብራም ብቻውን አያድንም። ሚኒባሱ በትሕትና ይቆማል፣ ሴትየዋ ትገባለች፣ ከሚኒባሱ ጎን ባጃጅ ይሾልካል። ሁለቱም አይተያዩም። መቆሚያ መስመሩ ከዜብራው 5 ሜትር ቀደም ብሎ ይሠመር፣ ያኔ ክፍተት ይኖራል። እግረኛም የቆመው መኪና ጫፍ ላይ ሲደርስ ገታ ብሎ አንገቱን አስግጎ ይይ። ዜብራ ላይ የቆመን የሚቀድም ሾፌር ግን አንድም ምሕረት አይገባውም።

ሦስት ጎማ፦ የሚቀድመው ይቀጣ፣ አልከራከርም። ግን ማውረጃ ስጡን። ዜብራው አፍ ላይ የምንቆመው ተሳፋሪ እዚያ ስለሚጠራን ነው። ከዜብራው 15 ሜትር አለፍ ብሎ ቦታው በቀለም ይከለል፤ የወረደው ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ በዜብራ ይሻገራል፣ የሚመጣው መኪናም አይጋረድበትም።

ከርቭስቶን፦ ቀለሙ ላይ አሸዋ ነገር ይነስነስበት፣ ያለዚያ ሲረጥብ ለሞተርም ለጫማም ያዳልጣል። ደግሞ ከሰኔ በፊት ይቀባ። እርጥብ አስፋልት ላይ የተቀባ በሳምንቱ ይላጣል።

የተማሪ እናት፦ ክዳኑስ?