ጥያቄ፦ «ቻርጅ» እና «ዲስቻርጅ» ግራ አጋቡኝ

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ሰባት ወሬ ነው። እናቴ በቅርቡ ሆድዋን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ቤት ገብታለች። ትናንት ነርሷ ደውላ «ኤኒ ዲስቻርጅ?» አለችኝ። መቼ እንደወጣች የጠየቀችኝ መስሎኝ «የስ፣ ማክሰኞ» አልኳት። ደንግጣ የጥያቄ መዓት አወረደችብኝ። እኔ የማውቀው ቻርጅ የስልክ፣ ዲስቻርጅ ከሆስፒታል መውጣት ነው። እዚህ ግን ሱቅም፣ ዜና ላይም፣ ሥራ ቦታም ቻርጅ ይሉኛል። እባካችሁ አስረዱኝ።

የሌሊት ተረኛ፦
እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ነርስ ነኝ። የጠየቀችሽ «ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽ ወይም መግል አለ ወይ?» ብላ ነው። በተሰጣችሁ ወረቀት ላይም ቃሉ በሁለቱም ትርጉም ሊኖር ይችላል። አናቱ ላይ «ዲስቻርጅ ኢንስትራክሽንስ» ካለ የመውጫ መመሪያ ነው። ስለ ቁስሉ በሚያወራው ቦታ ካገኘሽው ግን ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ወፍራም፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ከሸተተ፣ ወይም ካተኮሳት ነገ ሳትይ ደውይ። «ቻርጅ ነርስ» የሚሏት ደግሞ የዚያን ፈረቃ ነርሶች የምትመራው ናት።

የቋንቋ መምህር፦
ከመነሻው ብትይዢው ይቀልሻል። ቃሉ ላቲን ነው፤ ጋሪ ላይ መጫን ማለት ነበር። እንግሊዝኛ ውስጥ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ካርጎ የምንለውም ዘመዱ ነው። ስለዚህ ቻርጅ ሲሉሽ «ማን ላይ ምን ተጫነ?» ብለሽ አስቢ። ባትሪ ላይ ኃይል ይጫናል። ሰው ላይ ኃላፊነት ከተጫነ «ኢን ቻርጅ» ነው። ዋጋ ከተጫነ ማስከፈል ነው፤ አዲስ አበባ ሆቴል ሂሳብ ላይ የምናየው ሰርቪስ ቻርጅ ይኸው ነው። ዲስቻርጅ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ማውረድ፣ ማራገፍ። ቁስልም የያዘውን ሲያወጣ ዲስቻርጅ የሚባለው ለዚህ ነው።

አንዲት «ዘ» ደግሞ ነገሩን ትገለብጠዋለች። «ኢን ቻርጅ ኦቭ» ካልሽ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ። «ኢን ዘ ቻርጅ ኦቭ» ካልሽ በሌላ ሰው ኃላፊነት ሥር ነሽ።

ሹፌሩ፦
መምህር ያልነካትን ልጨምር። ዜና ላይ «ቻርጅድ ዊዝ» ሲሉ ክስ ተመሠረተበት ማለት ነው። ተፈረደበት ማለት አይደለም! እኛ ሰፈር ይህን እያምታቱ ስንቱን ሰው ወንጀለኛ አድርገው ሲያወሩበት ሰምቻለሁ፤ ያሳዝነኛል። «ቻርጅስ ድሮፕድ» ከተባለ ክሱ ተነሥቷል። ሱቅ ውስጥ «ኖ ቻርጅ» ካሉሽ አትከፍዪም።

የሌሊት ተረኛ፦
አንድ ነገር ረሳሁ። ለሕክምና ነገር በግምት አትመልሺ። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች የቋንቋ እርዳታ በነጻ መስጠት አለባቸው። ማስታወቂያው ላይ «ፍሪ ኦቭ ቻርጅ» የሚለው እሱን ነው። «አምሃሪክ ኢንተርፕሬተር፣ ፕሊዝ» በያቸው። በስልክም ያገናኙሻል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ፋሻውን ከፍቼ አየሁት፤ ቁስሉ ደረቅ ነው፣ ትኩሳትም የላትም። ነርሷ ጋ ደውዬ፣ አስተርጓሚ አስገብቼ፣ በአማርኛ ነገርኳት።