ባክቴሪያ በሌለበት «አለ» የሚል ሴንሰር

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች! ለመመረቂያዬ በመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ. ኮላይን (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) የሚለይ ባዮሴንሰር እየሠራሁ ነው። የካርቦን ኤሌክትሮዱን በስስ የካይቶሳን (ፖሊመር ነው) ሽፋን ለብጬ ባክቴሪያውን የሚይዘውን አንቲቦዲ በግሉታራልዲሃይድ (አጣባቂ ኬሚካል) አጣብቄበታለሁ። ባክቴሪያው ሲያዝ ለመለኪያ የምጨምረውን ፌሪሳያናይድ (ከኤሌክትሮዱ ጋር ኤሌክትሮን የሚለዋወጥ) መንገድ ስለሚዘጋ ሬዚስታንሱ ይጨምራል፣ ግራፉ ላይ ሬዚስታንሱን የሚያሳየው ግማሽ ክብም ይሰፋል። ችግሩ ንጹህ ባፈር (ፒኤቹ በቀላሉ የማይለዋወጥ፣ ባክቴሪያ የሌለበት ፈሳሽ) ውስጥ ስነክረውም ዝም ብሎ ይሰፋል። አንቲቦዲው ነው ወይስ ፖሊመሩ?

ማሂ፦ ፖሊመሩን ጠርጥር። ካይቶሳንን የምታሟሟው በአሴቲክ አሲድ ስለሆነ ሽፋኑ ሲደርቅ ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ይቀራል፣ ኔጋቲቭ የሆነውን ፌሪሳያናይድ ወደ ራሱ ይስባል። ፒኤች 7.4 ባፈር ውስጥ ሲገባ ግን ቻርጁን ቀስ በቀስ ያጣል፤ ስበቱ ሲቀንስ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። አንቲቦዲ የሌለው ኤሌክትሮድ ሠርተህ እዚያው ባፈር ውስጥ ለካው። እሱም ከሰፋ ጉዳዩ አለቀ። ሽፋኑን በቀጭን ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እጠበው፣ ከዚያ ንባቡ እስኪረጋ ባፈር ውስጥ አቆየው።

ጠያቂ፦ ለካሁት ማሂ፣ ልክ እንዳልሽው እሱም ይሰፋል! እግዜር ይስጥልኝ።

የውሃ ሰው፦ ደስ ይላል፣ ግን ገና ነው። ቢኤስኤ (ባዶ የቀረውን ቦታ የሚሸፍን ፕሮቲን) ካልቀባህበት ሌላው ባክቴሪያም ይለጠፍበታል፣ ስለዚህ ኢ. ኮላይ ያልሆነ ባክቴሪያ ጨምረህ ሞክር። ከዚያ የመጠን ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ 100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ እንዳይገኝ ነው የሚለው። ሴንሰርህ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ባክቴሪያ ቢለይ እንኳ፣ ያ ማለት በ100 ሚሊ ሊትር 10,000 ነው! አንዲት ጠብታ አንጠባጥበህ ስለ ጀሪካኑ መናገር አትችልም። መጀመሪያ 100 ሚሊ ሊትሩን በ0.45 ማይክሮሜትር ፊልተር አጥልለህ ባክቴሪያውን አሰባስብ።

ጠያቂ፦ እሺ። በክሎሪን የሞተውስ?

ማሂ፦ አንቲቦዲው የሞተውንም ሊይዘው ይችላል፣ ሬዚስታንስ ብቻውን አይለይልህም። ሕይወት ያለውን ከፈለግክ ኢ. ኮላይ የሚሠራውን ቤታ-ግሉኩሮኒዳዝ ኢንዛይም መለካት ይሻላል፤ ባክቴሪያው እንዲራባ ጥቂት ሰዓት ማቆየት ይጠይቃል፣ ቢሆንም ከ18 እስከ 24 ሰዓት ከሚፈጀው ከተለመደው ካልቸር (ባክቴሪያውን አራብቶ ማየት) ያጥራል። አንድ ነገር ግን በደንብ ያዝ፦ አደገኛው የኢ. ኮላይ ዓይነት ኦ157፡ኤች7 ብዙውን ጊዜ በዚህ ኢንዛይም አይታይም፣ ለእሱ አንቲቦዲውን አትጣለው።