«አጭር ነህ» የተባለው ወንድሜና የዌልሱ ሼን ዊሊያምስ፦ ራግቢ የምታውቁ እርዱኝ

የቱሉ ዲምቱ እህት

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው የምጽፈው። 15 ዓመቱ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው፣ ኳስ ደግሞ ነፍሱ ናት። በመስመር በኩል ነው የሚጫወተው። በቅርቡ አንድ የታዳጊ ፕሮጀክት ምልመላ አለ ተብሎ ሄደ። ሲሮጥ አዩት፣ ኳስ ሲገፋ አዩት፣ መጨረሻ ላይ አንዱ መልማይ «ጎበዝ ነህ፣ ግን በዚህ ቁመት አትሄድም» ብሎ መለሰው። ሌላ ነገር አልነገሩትም። ቤት ከገባ በኋላ ለብዙ ቀን ከማንም ጋር አላወራም፣ እራቱን እንኳን እናታችን እየለመነችው ነበር የሚበላው።

ከዚያ ስልኩ ላይ የአንድ ራግቢ ተጫዋች ቪዲዮ አገኘ። ሼን ዊሊያምስ ይባላል፣ የዌልስ ሰው ነው። ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች መሀል እየተሹለከለከ ሲያልፍ ያሳያል። አሁን ከአፉ አይጠፋም። «እሱንም አጭር ነህ ብለውት ነበር፣ ከዚያ የዓለም ምርጥ ሆነ» ይለኛል።

እኔ ራግቢ አላውቅም። የሰውየው ታሪክ በእርግጥ ወንድሜ እንደሚለው ነው? ወይስ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ቆርጠው ነው የሚያሳዩት? እንዴት አለፈ? እናታችን ትምህርቱን ብቻ ይያዝ ትላለች። እኔ ተስፋውን ልቆርጥበትም አልፈልግም፣ የሌለ ተስፋም ልሰጠው አልፈልግም። የምታውቁ እውነቱን ንገሩኝ።

ለገጣፎ 15

እህቴ፣ ወንድምሽ ልክ ነው። ግን ያየው ግማሹን ነው፣ የሚጠቅመው ደግሞ ያላየው ግማሽ ይመስለኛል።

እኔ ራግቢን የለመድኩት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ስሠራ ነው። እዚያ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ቲቪ ላይ ራግቢ ነው፣ ወደድክም ጠላህም ታያለህ። አሁን ለገጣፎ ተመልሼም ዲኤስቲቪ ላይ ጨዋታ ካለ አያመልጠኝም። ሼንን እወደዋለሁና ብዙ ልጽፍ ነው፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1977 ነው፣ ያደገው ደቡብ ዌልስ አማን ሸለቆ ውስጥ፣ ግላናማን በሚባል ትንሽ መንደር። ድሮ የድንጋይ ከሰል የሚወጣበት አካባቢ ነው። ዌልስ በጠቅላላ 3 ሚሊዮን አካባቢ ሕዝብ ያላት ሀገር ናት፣ ራግቢ ደግሞ እዚያ እኛ ሀገር ሩጫ ያለው ቦታ አለው። ቁመቱ 1.70 ሜትር ነው። የሜሲን ያህል ማለት ነው። በእግር ኳስ ይህ ቁመት ያስኬዳል፣ በራግቢ ግን በዚያው ዘመን ዮና ሎሙ የሚባል 1.96 ሜትር ቁመት ያለው የኒውዚላንድ ተጫዋች ሼን በሚጫወትበት ቦታ ነበር የሚጫወተው። ያን ሰው በሙሉ ፍጥነት ሲመጣ ፊቱ ቆመሽ ማስቆም አለብሽ። ሼንን «አጭር ነህ» ያሉት መልማዮች የፈሩት ይህንን ነው፣ ፍርሃታቸውም ከሜዳ የመጣ ነው።

ሼን ሲጀምር 9 ቁጥር ነበር። 9 ቁጥር ማለት ከግፊያው ሥር ኳሷን አውጥቶ የሚያከፋፍል ነው፣ ትንንሽ ልጆችን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚያጫውቷቸው። ኒዝ የሚባል ክለብ እያለ ወደ መስመር ወጣ፣ 11 ቁጥር ሆነ። ሁሉም ነገር የተቀየረው እዚህ ጋ ነው። መሀል ላይ ሁሌ ሰው አለ፣ መስመር ላይ ግን አንዳንዴ ከአንድ ተከላካይ ጋር ብቻ ትገናኛለህ። ያንን አንድ ሰው ማታለል ደግሞ የሼን ተሰጥኦ ነው። እግሩ ፈጣን ነው፣ በሁለት ሜትር ቦታ ላይ አቅጣጫ ይቀይራል፣ ግዙፉ ተከላካይ ዞሮ ሳይጨርስ እሱ አልፏል።

በ2000 ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ፈረንሳይ ላይ ተቀይሮ ገባ። በቀጣዩ ጨዋታ ከጣሊያን ጋር ከመጀመሪያው ገብቶ ትራይ አገባ (ትራይ ኳሷን የተጋጣሚ ጎል መስመር አሳልፎ መሬት ማስነካት ነው፣ 5 ነጥብ አለው)። ወንድምሽ ይህን ሲያይ መንገዱ ከዚህ በኋላ ቀጥ ያለ ሊመስለው ይችላል። አልነበረም። ጉዳት ደጋገመው፣ ቁመቱና ክብደቱ እንደገና ወሬ ሆነ፣ ከብሔራዊ ቡድኑም ራቀ። ዓመታት ናቸው፣ ሳምንታት አይደሉም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ጉዳት ካልያዘው ለክለቡ ይጫወት ነበር።

በ2003 የዓለም ዋንጫ መጣ። ወደ አውስትራሊያ ሲወስዱት እንደ ሦስተኛ 9 ቁጥር ነው፣ ማለትም ሁለቱ ካልቻሉ ተብሎ የተያዘ መጠባበቂያ፣ ያውም በድሮ ቦታው። በምድብ ጨዋታ ከኒውዚላንድ ጋር ዌልስ ብዙ ተጠባባቂዎችን አሰለፈች፣ ሼንም በመስመር ገባ። 53 ለ 37 ተሸነፉ። ግን ያንን ጨዋታ ያየ ሰው አይረሳውም። ሼን ትራይ አገባ፣ ኒውዚላንዶችን አተራመሳቸው። ሩብ ፍጻሜ ላይ እንግሊዝን ሲገጥሙ ደግሞ ከራሱ ሜዳ ተነስቶ ሰንጥቆ ወጣና ለቡድን ጓደኛው ለስቲቨን ጆንስ ትራይ መንገድ ከፈተ። ያንንም 28 ለ 17 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ግን ስለ ሼን ቁመት የሚያወራ ሰው አነሰ።

የቀረውን በአጭሩ። በ2005 እንግሊዝን ካርዲፍ ላይ 11 ለ 9 ሲያሸንፉ የጨዋታው ብቸኛ ትራይ የእሱ ነበር። በዚያ ዓመት ዌልስ የስድስቱን ሀገራት ውድድር ሁሉንም አሸንፋ ወሰደች፣ ከ1978 ወዲህ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በ2008 ደገሙት። በዚያው ዓመት ሼን የዓለም ምርጥ ተጫዋች ተባለ፣ ሽልማቱን ያገኘ የመጀመሪያው የዌልስ ሰው ነው። ለዌልስ በ87 ጨዋታ 58 ትራይ አለው።

የሱሉልታ አሰልጣኝ

ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ ራግቢ ባላይም አነበብኩህ። እኔ ሱሉልታ ታዳጊዎች አሠለጥናለሁ፣ ስለ ምልመላው ልናገር።

እህቴ፣ በ15 ዓመት በቁመት ልጅ መመለስ ልክ አይደለም። በጣም ነው የሚያናድደኝ። በዚህ ዕድሜ አንዱ ጢም አብቅሏል፣ ሌላው ገና ድምፁ አልጎረነነም፣ ሁለቱም ግን 15 ናቸው። ቀድሞ ያደገው ልጅ ይገፋል፣ ይቀድማል፣ ዓይን ይስባል። ሌላው ከሁለት ከሦስት ዓመት በኋላ ሲደርስበት ግን ያ ልጅ በጉልበቱ ብቻ ሲያሸንፍ ስለኖረ ኳስ መያዝ አልተማረም። ትንሹ ልጅ ኳስ ለማትረፍ ቶሎ ማሰብ ግድ ይሆንበታል። እስከዚያ ድረስ ሜዳ ላይ ካቆየነው ነው ታዲያ። ብዙዎቹን ስናጣቸው ያየሁት ከምልመላ ተመልሰው እቤት ሲቀሩ ነው። በዚህ ላይ የዕድሜ ነገር አለ፣ 15 ተብሎ የሚመጣው ሁሉ 15 አይደለም፣ የእናንተ ልጅ ከማን ጎን ቆሞ እንደተለካ ማን ያውቃል።

ጉዳዩን የገለጠልኝ ሼን ቦታ ቀየረ የሚለው ነው። ወንድምሽ በየትኛው መስመር ነው የሚጫወተው? በየትኛው እግሩ ነው የሚመታው? መሀል ሞክሮ ያውቃል? አሰልጣኝ ልጁን ከመመለሱ በፊት ይህን መጠየቅ ነበረበት።

ፊዚዮ ከሰበታ

ሁላችሁም ጥሩ ተናግራችኋል፣ ግን ልጁ ወደ ራግቢ ልሂድ እንዳይል አንድ ነገር ልጨምር። ፊዚዮቴራፒ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም።

ሼን እስከ መጨረሻው በደህና የተጫወተ ሰው ነው። ሁሉም እንደዚያ አልሆኑም። ሳም ዋርበርተን የዌልስ አምበል ነበር፣ ላየንስ የሚባለውን የብሪታንያና የአየርላንድ ጥምር ቡድንም ሁለት ጊዜ በአምበልነት መርቷል። ትልቅ፣ ጠንካራ ሰው ነው። በ2018 በ29 ዓመቱ ሰውነቴ አልቻለም ብሎ አቆመ፣ አንገቱንና ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ሌላው የዌልስ አምበል ራያን ጆንስ ደግሞ በ2022 ገና በ41 ዓመቱ የመርሳት በሽታ እንዳለበት ለሕዝብ ተናገረ። ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ የሚያመጣው ጣጣ በዚያ ጨዋታ አሁን ትልቅ ክርክር ነው።

ለእናንተ ደግሞ የቅርቡ ነገር ይህ ነው። አጭር ነህ የተባለ ልጅ ቶሎ ልወፍር ብሎ ጂም ይገባል። ሰፈር ውስጥ ያለ አሠልጣኝ ከባድ ብረት ያሸክመዋል፣ አንዳንዱም ምን እንደሆነ የማይታወቅ ዱቄት ይሸጥለታል። እኔ ጋ ወገባቸውንና ጉልበታቸውን ይዘው የሚመጡ የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ብዙ ናቸው። ዱቄቱ ይቅርበት። በራሱ ክብደት ይሥራ፣ በደንብ ይብላ፣ ሽሮም ይሁን ምስርም እንቁላልም፣ በደንብ ይተኛ። ወንድ ልጅ እስከ 18 ዓመቱም ከዚያም በኋላ ትንሽ ሊያድግ ይችላል፣ ግን ቁመት በብረት አይመጣም።

የቱሉ ዲምቱ እህት

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። ለወንድሜ አነበብኩለት። ፊዚዮዋ ወይም ፊዚዮው የጻፉት ላይ ሲደርስ ዝም አለ፣ ለካ ከጓደኞቹ ጋር ጂም ሊመዘገብ ገንዘብ እየሰበሰበ ነበር። ዛሬ ተውኩት ብሎኛል።

አሰልጣኝ ላነሱት፣ ቀኝ መስመር ነው፣ ግራኝ ነው። መሀል ሞክሮ አያውቅም።

ለገጣፎ ላይ ያለኸው፣ ታናሽ ወንድሜ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል። ሼን የዓለም ምርጥ ከተባለ በኋላስ ከቡድን ውጪ ተደርጎ ያውቃል ወይ ነው ጥያቄው።

ለገጣፎ 15

ጎሽ! ጥሩ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ተደርጓል፣ ያውም ወዲያው በሚቀጥለው ዓመት።

በ2009 ላየንስ ደቡብ አፍሪካ መጡ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሦስት ትልልቅ ጨዋታዎች ነበሩ። ሼን የዓለም ምርጥ ተብሎ መጥቶ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ከመጀመሪያው አልተሰለፈም። ላየንስ ሁለቱንም ተሸነፉ። ሦስተኛው ጆሃንስበርግ ላይ ነበር፣ ዋንጫው አልቋል፣ ለክብር ብቻ የቀረ ጨዋታ። ያኔ ከመጀመሪያው አሰለፉት። ሁለት ትራይ አገባ፣ 28 ለ 9 አሸነፉ። የሱቁ ደንበኞች ሁሉ የደቡብ አፍሪካ ደጋፊዎች ናቸው፣ እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን «ይሄ ትንሹ ልጅ ቀደም ብሎ ቢገባ ኖሮ አልቆልን ነበር» አሉኝ።

ሌላም ልንገረው። በ2011 የዓለም ዋንጫ ሼን በአንዱ መስመር ሲጫወት፣ በሌላው መስመር የ19 ዓመቱ ጆርጅ ኖርዝ ነበር። 1.94 ሜትር! አንድ ቡድን፣ አንድ ዓይነት ሥራ፣ በቁመት የ24 ሳንቲ ሜትር ልዩነት። አንዱ ሰው ላይ ይሄዳል፣ አንዱ ሰው በሌለበት ይሄዳል። ረጃጅሞቹም ተፈላጊ ናቸው፣ ወንድምሽ እነሱን እንዳይጠላ።

በ2011 መጨረሻ ለዌልስ የመጨረሻ ጨዋታውን ካርዲፍ ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ተጫወተ። ቡድኑ ተሸነፈ፣ እሱ ግን በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ትራይ አገባ። በቀጣዩ ግንቦት ለክለቡ ለኦስፕሬይስ በፍጻሜ ጨዋታ የአየርላንዱን ሌንስተርን በራሳቸው ሜዳ ደብሊን ላይ ገጥሞ ሁለት ትራይ አገባ፣ ሁለተኛው መጨረሻ ደቂቃዎች ላይ ነው። የቡድን ጓደኛው ዳን ቢገር ከትራይ በኋላ የሚሰጠውን ምት አስቆጠረና 31 ለ 30 አሸነፉ። ከዚያ ጃፓን ሄዶ ተጫወተ። በኋላም ወደ መንደሩ ክለብ ወደ አማን ዩናይትድ ተመልሶ ማሊያ ለብሷል።

ወንድምሽ የ2003ቱን የኒውዚላንድ ጨዋታ ካገኘ ሙሉውን ይየው፣ የተቆረጠውን አይደለም። ሼን ኳስ በሌለው ጊዜ የት እንደሚቆም፣ ኳስ ፍለጋ ከመስመሩ ለቆ መቼ ወደ መሀል እንደሚገባ ይከታተል። ያ ለእግር ኳስም ይሆናል።

የሱሉልታ አሰልጣኝ

ግራኝ ሆኖ በቀኝ መስመር ከሆነ ወደ ውስጥ መግባት ይወዳል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ከአጥቂው ጀርባ ባየው ደስ ይለኝ ነበር። ከቱሉ ዲምቱ ሱሉልታ ድረስ በየሳምንቱ መምጣት ግን አይሆንም፣ የታክሲው ብቻ ይበቃችኋል። አቃቂና ቃሊቲ በኩል የሚያሠለጥኑ ጓደኞች አሉኝ፣ ለልጅ ጊዜ የሚሰጡ ናቸው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና አገናኝሻለሁ። ለእናትሽም ንገሪያቸው፣ ልምምዱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተጀምሮ ከትምህርት በፊት ያልቃል። የልደት ካርዱን ይያዝ፣ ታኬታ ከሌለው ደግሞ መጀመሪያ በሸራም ቢመጣ ችግር የለም።