የ2002 ሆንዳ ሲቪክ ልገዛ ነው፤ የታካታ ኤርባጉን እንዴት ላጣራ?

ጠያቂው (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የ2002 ሲቪክ በርካሽ ቀርቦልኛል። ታካታ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ጉድለት ያለበት ኤርባግ ካለባቸው መኪኖች አንዱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሻጩ ግን «የኤርባግ መብራቱ ጠፍቷል፣ ችግር የለበትም» ይላል። ይህ ይበቃል? ሪኮሉ (አምራቹ ለጉድለቱ መኪናውን ጠርቶ በነጻ የሚሠራው ጥገና) ሳይሠራ ሰው ቢጎዳስ በሕግ ምን ማድረግ ይቻላል?

የጋራዥ ሰው፦
አይበቃም ወንድሜ። ኮምፒውተሩ የሚፈትሸው ሽቦውንና ሴንሰሩን እንጂ ውስጥ ያለውን ባሩድ አይደለም። መሪው መሐል ከረጢቱን የሚነፋ ኢንፍሌተር የሚባል የብረት ጣሳ አለ። ታካታ እዚያ ውስጥ የከተተው አሞኒየም ናይትሬት ነው፤ አብዛኞቹ ላይ እርጥበት የሚመጥ ነገር እንኳ አልጨመረበትም። ሙቀትና እርጥበት ለዓመታት ሲፈራረቁበት ይበላሻል፣ ሲለኮስም ከሚገባው በላይ በፍጥነት ይነድዳል። ግፊቱን ጣሳው አይችለውም፣ ይፈነዳል፤ የብረቱ ስብርባሪም ከረጢቱን ቀድዶ አንገትና ፊት ላይ ያርፋል። ለዚህ ከባድ ግጭት አያስፈልግም፣ ኤርባጉ እንዲነፋ የሚያደርግ ቀላል ግጭት ይበቃል።

የአንተ ደግሞ ከሁሉም የባሰው ነው። ከ2001 እስከ 2003 በተሠሩ አንዳንድ ሆንዳና አኩራዎች ላይ ያለው «አልፋ» የሚባለው ኢንፍሌተር በላቦራቶሪ ሲሞከር እስከ 50 በመቶ የመፈንዳት ዕድል ታይቶበታል። ሪኮሉ ካልተሠራ ለሙከራ እንኳ አትንዳው።

ባለ 17 አሃዙን የሻንሲ ቁጥር ከሹፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ግርጌ ወይም ከበሩ ምሰሶ ላይ ቅዳና የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኤንኤችቲኤስኤ) የሪኮል ገጽ ላይ አስገባ። ያልተሠራ ካለ ለሆንዳ ዲለር (ወኪል ሻጭ) ደውል። ጥገናው በነጻ ነው፤ መኪናው መነዳት ስለሌለበት በጎታች መኪና ወስደው እንዲሠሩልህ ጠይቅ። የተሠራበትን ወረቀት ተቀብለህ አስቀምጥ።

የሕግ ባለሙያ፦
ግለሰብ ሪኮል ያልተሠራለት መኪና እንዳይሸጥ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ የለም፤ ስለዚህ ማጣራቱ የገዢው ሥራ ነው።

ጉዳት ከደረሰ ትልቁ ስህተት መኪናውን መልቀቅ ነው። ኢንሹራንስ «ቶታል» (መጠገኑ አያዋጣም) ብሎ ሲወስደው ወደ ቁርጥራጭ ገበያ ይሄዳል፣ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። በጽሑፍ «እንዳይሸጥ፣ እንዳይፈታ» ብላችሁ አሳውቁ። መሪውን፣ የተቀደደውን ከረጢትና ደሙን ሳትነኩ ፎቶ አንሡ። ሐኪም ከሰውነት ያወጣው ብረት እንዳይጣል ለሆስፒታሉ ወዲያው ንገሩ፤ ፍንዳታውን ከማንኛውም ወረቀት በላይ የሚያስረዳው እሱ ነው። ጠበቃ ሳታማክሩ ለኢንሹራንስ ድምፅ የሚቀረጽበት ቃል አትስጡ።

ታካታ በ2017 የሙከራ ውጤት ማጭበርበሩን አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈርዶበታል፤ 125 ሚሊዮኑ ለተጎጂዎች ነው። በዚያው ዓመት ስለከሰረ ጥያቄው የሚቀርበው ለተጎጂዎች በተቋቋሙት ፈንዶች በኩል ነው። በሆንዳ መኪና የተጎዳ ሰውም መጀመሪያ የሚጠይቀው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሌሎች አምራቾች ጉዳይ ሊለይ ይችላል።

ጊዜ ግን አይጠብቅም። ለአካል ጉዳት ክስ ቨርጂኒያ 2 ዓመት፣ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ነው። ጆርጂያ ደግሞ ምርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 10 ዓመት ካለፈ በር የሚዘጋ ሕግ አላት፤ አሮጌ መኪና ላይ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። የምርት ጉድለት የሚይዝ ጠበቃ በአብዛኛው ክፍያውን ካሸነፈው ላይ ከሦስት አንድ እስከ 40 በመቶ ይወስዳል። ብትሸነፉ የባለሙያ ምርመራውን ወጪ ማን እንደሚሸከም ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

የጋራዥ ሰው፦
አንድ ልጨምር። ተጋጭቶ የተሠራ፣ «ሳልቬጅ» ወይም «ሪቢልት» ወረቀት ያለው ከሆነ የሪኮል ገጹ ንጹሕ ቢያሳይም አትመን። በ2024 ኤንኤችቲኤስኤ ርካሽ የውጭ ኢንፍሌተሮች ከግጭት በኋላ እየተገጠሙ ሰው መግደላቸውን አስጠንቅቋል። ሞተሩን ሳታስነሣ ቁልፉን ስትከፍት የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ መብራቱ ተቃጥሏል ወይም ተነክቷል። በርቶ ቢጠፋም ኮምፒውተሩን የሚያታልል ሬዚስተር የሚባል ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ተገጥሞ ኤርባጉ ጨርሶ ላይኖር ስለሚችል ሽፋኑን በሚያውቅ ባለሙያ አስከፍት።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ቪትዝና ኮሮላ ለሚነዱትስ?

የጋራዥ ሰው፦
ታካታ የገባባቸው ቶዮታዎች ብዙ ናቸው፣ የሐሩር እርጥበት ካለበት ከባሕረ ሰላጤው የመጣ ደግሞ የበለጠ ያሳስባል። የአሜሪካው ገጽ የሚያውቀው ለአሜሪካ የተሠራውን ብቻ ነው። ከጃፓን የመጣ ቪትዝ ባለ 17 አሃዝ የለውም፤ እንደ ኤስሲፒ ወይም ኤንሲፒ ባሉ ፊደላት የሚጀምር የፍሬም ቁጥር ነው ያለው፣ እሱን የቶዮታ ጃፓን የሪኮል ገጽ ላይ ማስገባት ነው። ቁጥሩን ይዞ የቶዮታ የኢትዮጵያ ወኪል ወደሆነው ሞኤንኮ ሄዶ መጠየቅም ይቻላል። ከስክራፕ የወጣ ኤርባግ ግን ገዝታችሁ እንዳታስገጥሙ፣ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም።