በመናኸሪያ የተለዋወጠ ማዳበሪያ፦ ባለቤቷን እንዴት ላግኝ?

ውድ ወገኖች፣ እናቴ ለሕክምና ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር በመጡበት ዕለት መናኸሪያው በተሳፋሪና በጫኝና አውራጅ ተጨናንቆ ስለነበር፣ የአውቶቡሱ ረዳት የእሳቸውን ማዳበሪያ ለሌላ ተሳፋሪ ሰጥቶ የሌላውን ለእኛ አስረከበን። ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ የእናቴ አፉ በቀይ ሲባጎ የተሰፋ ሲሆን፣ እጃችን ላይ ያለው ግን በአረንጓዴ ገመድ የታሰረ ነው። ስም ይገኝበት እንደሆነ ብዬ ስፈታው ዛላ በርበሬና ከሥሩ በፌስታል የተጠቀለለ አዲስ የልጅ ጫማ አገኘሁ፤ ጫማውን የሚጠብቅ ልጅ መኖሩን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ሁሉም እንዳለ ተቀምጦላቸዋል።

የእናቴ ጤፍ ቢቀር ግድ የለም። እጅግ ያስጨነቀኝ፣ እንዳይታጠፍ ብለው በጤፉ መካከል ያስቀመጡት የራጅ ፊልምና የሪፈር ወረቀት ነው፤ ያለ እሱ ካርድ ማውጣት አልቻልንም። ረዳቱ የሚያስታውሰው፣ ተሳፋሪዋ ከቡሬ የተሳፈሩና ወደ አባይ ማዶ በባጃጅ የሄዱ እናት መሆናቸውን ብቻ ነው።

እባካችሁ፣ በአባይ ማዶ የምትኖሩ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁልኝ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁም ብትኖሩ፣ በመናኸሪያ የተለዋወጠ ዕቃ ማንን እንደሚመለከትና የሪፈሩን ወረቀት ቅጂ እናቴ ሳይመለሱ እኔ በውክልና መውሰድ እችል እንደሆነ ንገሩኝ።