ቤት ስንገዛ ደላላ ይግባ ወይስ ይቅር? ድሬዎች፣ ተከራከሩ

ጠያቂው፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ከባለቤቴ ጋር ሳቢያን አካባቢ ቤት ልንገዛ ነው። ደላላው ከእኛም ከሻጩም 2 ፐርሰንት እቀበላለሁ ይላል። ያለችን የዓመታት ቁጠባ ናት። ያለ እሱ ብንገዛስ?

የከዚራ ልጅ፦ አቦ ተወው! ከሁለቱም ወገን የሚቀበል ሰው ለማን ሊቆም ነው? ቤቱ በተወደደ ቁጥር የሱም ድርሻ ይጨምራል። ሰፈሩ ውስጥ ጠይቅ። ድሬ ላይ የሚሸጥ ቤት ካለ ሦስት ቀን ሳይሞላ ጆሮህ ይገባል።

ደላላ ነኝ፦ ወንድሜ፣ እኔንም ስማኝ። ለአንድ ቤት አስር ገዢ ይዤ በዚህ ፀሐይ እዞራለሁ። ዘጠኙ አይተው ይሄዳሉ፤ የባጃጁን እንኳ የሚከፍልልኝ የለም። ደግሞ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ሲደራደሩ በአንዲት ቃል ይኮራረፋሉ። ስንቱን አስታርቄ አፈራርሜያለሁ።

የደቻቱዋ እናት፦ እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የገዛነው በበጋ ነው። ያኔ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ደላላው “ግቢው ሰፊ ነው፣ ነፋሻ ነው” እያለ አዞረን። ከገባን በኋላ አንዷ ጎረቤቴ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። አዲሱ ቀለም በተላጠበት በኩል፣ ከደረቴ ከፍ ብሎ፣ ቡናማ መስመር ይታያል። “የ98ቱ ውሃ እዚህ ድረስ ነበር” አለችኝ። በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ ማለቷ ነው። ዝናቡ ላይ ደንገጎ ተራራው ላይ ይጥላል፣ እኛ ጋ ጠብ ሳይል ውሃው ይደርሳል። ደላላው የዚሁ አገር ልጅ ነው፤ እያወቀ ዝም አለኝ። እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ልጆቼን እህቴ ጋ ነው የማሳድራቸው።

ደላላ ነኝ፦ እናቴ፣ ይሄ በደል ነው። ምንም አልከራከርም።

ውል የምጽፈው፦ ደላላ ኖረም አልኖረም ወረቀቱን ራስህ አጣራ። ካርታው በሻጩ ስም ነው? ባንክ ይዞታል? የፍርድ ቤት እገዳ አለበት? የቤቱ ማህደር ካለበት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም ትፈርም። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዲሸጥ አይፈቅድም። “ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል” ቢልህ አትደንግጥ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን ያፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል። ተቀብሎ ያፈረሰ ግን እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ቀብዱንም በጽሑፍና በምስክር አድርገው። ዋናውን ውል ደግሞ ውልና ማስረጃ ፊት ተፈራረሙ።

የከዚራ ልጅ፦ ይሄን ሁሉ እኔው ከሮጥኩ 2 ፐርሰንቱ ለምኑ ነው?

ደላላ ነኝ፦ ቤቱን ለማግኘቱ።

የከዚራ ልጅ፦ እንግዲያው በቁርጥ ይከፈልሃ! የሚያጣላን ፐርሰንቱ ነው። ቁርጥ ብር ከሆነ ዋጋ ቢሰቅል ምንም አያተርፍም።

ደላላ ነኝ፦ እኔ በቁርጥም እሠራለሁ። ቀድመን እንነጋገር እንጂ።

ጠያቂው፦ ነገ ቁርጥ ዋጋ እጠይቀዋለሁ። እምቢ ካለ ሌላ እፈልጋለሁ። ባለቤቴም ሰፈሩ ሄዳ ጎረቤቶቹን ታናግራለች።

የደቻቱዋ እናት፦ የቆየውን ጎረቤት ጠይቁ፣ ልጄ። ከ98 በፊት የገባውን።