ማለፊያው 50 በመቶ ለሁሉም እኩል መሆኑ ፍትሕ ነው? (የቡድን ክርክር)

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ አንድ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚገባው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ብቻ ነው። የ2014ቱን ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች ግማሹን የተሻገሩት 29,909 ነበሩ፤ 3.3 በመቶ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት 3.2፣ ከዚያ 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። በመጀመሪያው ዓመት 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ አባላችን «ላቦራቶሪ ያለውና የሌለው ትምህርት ቤት በአንድ ሚዛን አይመዘንም፤ ማለፊያው እንደ ትምህርት ቤቱ ደረጃ ይለያይ» ብሏል። ተከራከሩ። ስድብ የጻፈ ከቡድኑ ይወጣል፤ ባለፈው የወጡት ሁለቱ ያውቁታል።

ሐሳብ አቅራቢው፦
ሐሳቡ የእኔ ነውና ልከላከልለት። ኢንስፔክሽን የሚባለው የመንግሥት ቁጥጥር ትምህርት ቤቶችን እንደ መሟላታቸው ከደረጃ አንድ እስከ ደረጃ አራት ይመድባል። ስለዚህ «ይህ ትምህርት ቤት መሟላት ያለበት አልተሟላለትም» ብሎ ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ያስቀመጠው መንግሥት ራሱ ነው። ጎዶሎነቱን በሚያውቀው ቤት ልጁን ዓመታት አስቀምጦ በመጨረሻው ቀን «ሁሉ ከተሟላለት ጋር እኩል ካልሮጥክ» ማለት ምን የሚሉት ዳኝነት ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት ሰጥቷል። በአገልግሎቱ እኩል ያላደረገን መንግሥት በፈተናው ጊዜ ነው እኩልነት ትዝ የሚለው።

የፊዚክስ መምህር፣ ከወሎ፦
የማስተምረው ካልተሟላላቸው በአንዱ ነው። ሐሳቡ ተማሪዎቼን የሚጠቅም ይመስላል፤ እኔ ግን አልደግፈውም።

ፈተናው በየትምህርት ቤቱ ይሰጥ በነበረበት ዘመን አንድ ተማሪ ነበረኝ። መንገድ ላይ ደብተር መግለጥ ስለማይመቸው ቀመሮቹን በመዳፉ ላይ በእስክርቢቶ ይጽፍና ከቤት እስከ ትምህርት ቤት እያነበበ ይመጣል። በፈተናው ዕለት ጠዋት ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ መዳፉን በአመድ ሲፈትግ አገኘሁት። ቆዳው ቀልቷል። «ኮረጀ እንዳይሉኝ ነው» አለኝ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ክፍል፣ መልሱ በስልክ ገብቶ ከወንበር ወንበር ሲዞር ዋለ። መዳፉን ያጠበው ልጅ ቀረ። ፈተና ሲላላ መጀመሪያ የሚወድቀው ጎበዝ የድሃ ልጅ መሆኑን ያን ዓመት ተማርኩ። ስለዚህ ፈተናው ጠበቀ ሲባል እኔ አላዘንኩም።

አሁን ደግሞ «ለእናንተ ማለፊያው ዝቅ ይላል» ብትሉ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። 12ኛ ክፍል ሲደርስ የከተማው ነጋዴ ልጅ መሸኛ ይዞ እኛ ዘንድ ይመዘገባል። የመታወቂያውን ነገር ለወላጁ ተዉለት፤ ያወጣል። በዝቅተኛው ማለፊያ ገብቶ ሲሄድ የእኔ ተማሪ እንደገና ተሰልፎ ይቀራል። ከዚያም በላይ ያ 1,161 የሚባለው ቁጥር ባይወጣ ስለ እኛ ትምህርት ቤት ማን ያወራ ነበር? ማለፊያውን ዝቅ አድርጋችሁ ውጤቱን ካሳመራችሁት የወረዳው ኃላፊ «ዘንድሮ ጥሩ ነን» ብሎ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
መምህር፣ አክብሬ ልቃወምዎት። ዝቅ ያለ በር ዛሬ የተፈለሰፈ አይደለም። 50 ያላመጡት ለሚወዳደሩበት የአቅም ማሻሻያ ፕሮግራም፣ ሬሚዲያል ለምንለው፣ የመቁረጫ ነጥቡ ለሴቶችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ተማሪዎች ዝቅ ይላል። እኔ በዚያ በር ነው የገባሁት። አላፍርበትም።

ማይክሮስኮፕ በዓይኔ ያየሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ክፍሎቹን በቃሌ አውቃቸው ነበር፤ ሳይ ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ያለውን ሥዕል ስንት ጊዜ እንደገለበጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። የላቦራቶሪ ረዳቱ «ቀረብ በዪና እዪ» ሲለኝ ግን የትኛውን ዓይኔን እንደምጨፍን ግራ ገባኝ። ሁለቱንም ጨፈንኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሳቁ።

አራት ወር ተምሬ የሬሚዲያሉን ፈተና አለፍኩ፤ ይኸው ሦስተኛ ዓመት ደርሻለሁ። በአራት ወር የተሞላ ጉድለት በዓመታት ለምን አልተሞላም ብላችሁ ጠይቁልኝ። ያን ጊዜ የጎደለው የእኔ ጭንቅላት እንዳልነበረ ይገባችኋል።

መምህሩ፦
ልጄ፣ አንቺ ያለፍሽበትን በር ዝጉት አላልኩም። ሬሚዲያል ይኑር። ሬሚዲያል አስተምሮ፣ ፈትኖ ነው የሚያሳልፈው። የአቅራቢው ሐሳብ ግን ሳያስተምር ነጥብ ይጨምራል። ልዩነታችን እዚህ ላይ ነው።

የቀድሞ የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ፦
ሁላችሁም ስለ በሩ ትከራከራላችሁ፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ገንዘቡ በሚገባበት በኩል ነው። የፌዴራሉ ድጎማ ለክልል፣ ከክልል በጥቅል በጀት ለወረዳ ይመጣል። ወረዳው ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ይመድባል። ደመወዝ ሲነሳለት ሥራ ማስኬጃ ብለን የምንጠራው ቀሪ ለጠመኔ፣ ለወረቀትና ለውሎ አበል ከበቃ ጎበዝ ብለናል። የትምህርት ቤት ድጎማ የሚባለውም በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ነው። ብዙ ተማሪ ያለው የከተማ ትምህርት ቤት ጠቀም ያለ ብር ይደርሰዋል። ተራራ ላይ ያለው ትንሹ ግን የደረሰውን ብር ጠረጴዛ ለማጓጓዝ ይጨርሰዋል።

ይህን ሰው ያውቀዋል። የማይታየው ሌላ ነው። መምህር ዝውውር ሲጠይቅ የአገልግሎት ዘመን ትልቅ ቦታ አለው። ስለዚህ ጀማሪው ገጠር ይመደባል፣ ሥራውን በገጠር ልጆች ላይ ይለማመዳል፤ ሲበስል ወደ ከተማ ይዛወራል። ነባር መምህር ደመወዙ ከፍ ያለ ነውና ከፍተኛው ደመወዝም አብሮት ከተማ ይገባል። እስኪ በአንድ ተማሪ ስንት ብር እንደሚወጣ አስሉት! ከተማው ይበልጣል። ማንም ስብሰባ ተቀምጦ «ለከተማ ልጅ እንጨምር» ብሎ አልወሰነም፤ በዝውውር ቅጽ ብቻ የተፈጸመ ድጎማ ነው። በጀት ሰነዱ ውስጥ ብትፈልጉት አታገኙትም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስፈርም ኖሬ ሥራውን ከለቀቅሁ በኋላ ነው የታየኝ።

የበረሃ አበል የሚባል ነገር ይህች አገር ታውቃለች። ለምን «አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት አበል» አይኖርም? አምስት ዓመት ያገለገለ መምህር እዚያ ሦስት ዓመት ከቆየ በፈለገው ቦታ ቅድሚያ ያግኝ። ከማለፊያ ነጥብ ክርክር ይልቅ እርሱ ይሻላል።

አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ባለሙያው ያሉት እኔ ያለሁበትን የአሜሪካውን የሜሪላንድ ግዛት አስታወሰኝ። እዚህ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2021 አንድ ትልቅ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ ጸድቋል። አገረ ገዥው ሽሮት ነበር፤ ምክር ቤቱ ሽረቱን ሻረው። በሕጉ መሠረት የድሃ ቤተሰብ ልጆች በብዛት የሚማሩበት ትምህርት ቤት በራስ ቁጥር ከሚደርሰው ሌላ ተጨማሪ ገንዘብ ያገኛል። በዚያም ገንዘብ ቤተሰቡን ከአገልግሎቶች ጋር የሚያገናኝ አስተባባሪና የጤና ባለሙያ ይቀጠራሉ። የጀማሪ መምህር ደመወዝ በ2026 ቢያንስ 60,000 ዶላር እንዲደርስም ደንግጓል። ለአንዱ ልጅ አንድ ብር፣ ድህነት ለተጫነው ልጅ ብር ከስሙኒ እንደ ማለት ነው። እኛ ለምን ይህን አንሞክርም?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ፦
ወንድሜ፣ የ60,000 ዶላሩን ነገር እዚህ ሲያነቡ መምህራችን ስቀው ይሆን አልቅሰው? ስሙኒዋ ከየት ትምጣ? እኛ እኮ የመጀመሪያዋን ብርም አልጨረስንም።

አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እውነት ነው እኅቴ። እዚህም ቢሆን ገንዘቡ ከየት ይምጣ እየተባለ በየዓመቱ ጭቅጭቅ ነው፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር የቤቱ ዋጋ ሰማይ ነው። የካውንቲያችን ትምህርት ቤቶች ለወላጅ መልእክት በአማርኛም ይልካሉ፤ እንዲያም ሆኖ እኛ ሐበሾች የወላጅ ስብሰባ ላይ አንታይም። ያነሳሁት መጠኑን አይደለም፤ አከፋፈሉን ነው። ያለችውን ስታካፍል ለማን ታስቀድማለህ የሚለውን።

የሁለት ልጆች እናት፦
እንግዲያው የእኔን ኃጢአት ልናዘዝ። ልጆቼ የግል ትምህርት ቤት ናቸው። የክፍያው ወር ሲመጣ የባለቤቴ ደመወዝ ቤት ሳይደርስ ያልቃል። ከሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቼን ሳወጣ ርዕሰ መምህሩ ምን እንዳሉኝ አልረሳውም፤ «አንቺም ሄድሽ? በስብሰባ ላይ የምትጨቀጭቂኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ» አሉኝ። የምንጨቀጭቅ ወላጆች ስንወጣ የሚጨቀጭቅ ጠፋ።

ግን አንድ የተሠራ ነገር ልመስክር። በ2012 በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ የደንብ ልብስና ደብተር ሲጀመር፣ ጎረቤቴ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ናት፣ ሦስተኛ ልጇን ከቤት ውስጥ ሥራ አውጥታ ትምህርት ቤት ላከቻት። ስለ መቁረጫ ነጥብ የሚያወራ ሰው ያቺን ልጅ አያውቃትም፤ እርሷ 12ኛ ክፍል ለመድረስ ገና ብዙ ምሳ ይቀራታል። በነገራችን ላይ ባለሥልጣን ሁሉ ልጁን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባ የሚል ሕግ ቢወጣ የምፈርም የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ።

መምህሩ፦
እመቤቴ፣ ያ ባለሥልጣን ልጁ የገባበትን አንዱን ትምህርት ቤት ቀለም ያስቀባውና አጥር ያሳጥረዋል። የእኛው እንዳለ ይቀራል።

ሐሳብ አቅራቢው፦
የመሸኛውን ነገር አላሰብኩትም ነበር፤ ተሸነፍኩ። ሐሳቤን ላሻሽል። 50 ለሁሉም ይቆይ። አንድም ተማሪ ካላሳለፈ ትምህርት ቤት ግን አንደኛ ለወጣው ልጅ በሬሚዲያል ቦታ ይያዝለት፤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እዚያው የተማረ ከሆነ።

አባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ቴክሳስ ለዚህ የሚቀርብ ሕግ በፈረንጆቹ 1997 አውጥታለች፤ ከየትምህርት ቤቱ ከላይ ያሉት አሥር በመቶ በግዛቷ ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገቡ ደንግጋ ነበር።

መምህሩ፦
«አንደኛ» የሚለውን ማን ይወስናል? የክፍል ውጤት ከሆነ እኔ ነኝ። እኔ ከሆንኩ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ልጅ አንደኛ እስኪወጣ ድረስ በሬን ሲያንኳኩ ያድራሉ። በብሔራዊ ፈተናው ውጤት ይሁን፤ ያኔ እስማማለሁ። ደግሞ ፈተናው ከ2016 ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ተማሪዎቼ ተራ ሲደርሳቸው መጀመሪያ የሚታገሉት ከጥያቄው ጋር አይሆንም፤ ከማውሱ ጋር ነው። ይህንንም ሚዛን ውስጥ አስገቡት።

አወያይ፦
የተሻሻለው ሐሳብ ላይ በእጅ ምልክት ድምፅ ስጡ። ውጤቱን ነገ እለጥፋለሁ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
ድምፅ ሰጥቻለሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእርስዎ ትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ አለው?

መምህሩ፦
ሁለት አለን። አምና መጡ። ከነካርቶናቸው ናቸው።

የቀድሞ የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ፦
ለምን አይወጡም? በንብረት ገቢ ቅጹ፣ በሞዴል 19 ገቢ ሆነው ከሆነ በሞዴል 20 ጠይቀው በሞዴል 22 ወጪ ማድረግ ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

መምህሩ፦
ገቢ ያደረገው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዝውውር ደርሶት ወደ ከተማ ሄደ። ርክክብ አልተፈጸመም። ተተኪው «ያልቆጠርኩትን አልከፍትም፤ አንድ መስታወት ቢጎድል ከደመወዜ ነው» አለ፤ እውነቱን ነው። ቁልፉ በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ አለ። ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ እኔም አባል ነኝ።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦
የተከፈተ ዕለት ለልጆቹ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። አንዱን ዓይን መጨፈን አያስፈልግም፤ ሁለቱም ክፍት ሆነው ማየት ይቻላል። እኔ ያወቅሁት በሁለተኛው ወር ነው።